ለአማቴ ሳስተረጉም

ባለፈው ወር አማቴን እትዬ አስካለን ለጡት ምርመራ፣ ለማሞግራም፣ ከሰፈራችን ከካስልሪጅ ወደ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ባለቤቴ ሺፍት ላይ ስለነበረች አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እህታቸው አገር ቤት የሞቱት የጡት ካንሰራቸው ዘግይቶ ስለታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው የሚቀር አልነበረም።

የምትመረምራቸው ባለሙያ አዲሱ ማሽን ጡትን ከብዙ አቅጣጫ በራጅ እያነሳ በእጅ የማይዳሰሰውን እንኳ እንደሚያሳይ ነገረችኝ። እሱን እንደምንም ተረጎምኩ። ቀጥላ ግን፣ «ጡታቸው ላይ እብጠት ወይም ፈሳሽ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አማት እኮ ናቸው! ላብ አጠመቀኝ። ወለል ወለሉን እያየሁ፣ «እትዬ፣ እዚያ... ደረትዎ አካባቢ... ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ወደ ባለሙያዋ ዞረው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «እብጠትም ፈሳሽም የለም። በየወሩ ጡቴን ራሴ እዳስሳለሁ። እህቴ ግን በዚሁ ሞታለች» አሉ።

ለካ እኛ ሥራ ስንውል እሳቸው እንግሊዝኛ ክላስ ይገቡ ኖሯል! ኩራት አንገቴን ቀና አደረገው።

ምርመራው ሲያልቅ ኮታቸውን ይዤ ተነሳሁ። እሳቸው ግን ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሐበሻ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«አንተ መኪና ውስጥ ጠብቀኝ ልጄ» አሉኝ፤ «እሷ አስተርጓሚ የላትም።»