ዝቅ ያለው ክር

በበረሃዋ ከተማ በታማንራሰት ገበያ ሻይ የምትሸጠው ታካማ፣ ከሻይዋ አጠገብ ተቀምጠው ጊታር የሚሞክሩትን ሽማግሌ ስም አታውቅም። ሰማያዊ ጥምጥማቸው ከዓይናቸው በቀር ፊታቸውን ሸፍኖታል፤ የግራ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት አድርቋቸዋል። በአምስት የኤሌክትሪክ ጊታር ሞክረው ጣታቸው እምቢ ብሏል። ዛሬ ለመጫን እንዲቀልሏቸው የስድስተኛውን ጊታር ክሮች ወደ አንገቱ ዝቅ፣ ሲያንጫርሩባቸው ደግሞ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ያደርጋሉ።

«አባባ፣ ስድስተኛ! በእግርዎም ሊጫወቱ ነው?» አለች ታካማ።

«ዝም በይ አንቺ! ሃምሳ ዓመት ክር ስታገል ኖርኩ፤ አሁን እሱ ዝቅ ይበልልኝ እንጂ!»

ክሩን ተጫኑት። አላመማቸውም። ከትንሿ የባትሪ ድምፅ ማጉያ፣ ዝናብ እንደነካው አሸዋ የሚያውድ የጥንት ዜማ ወጣ። ከጥምጥሙ በላይ ዓይናቸው ሳቀ።

ሻይ ሦስት ጊዜ በሚቀዳበት በዚያ አገር ሦስተኛውን ብርጭቆ ሳይጠጡ መተው ነውር ነው፤ የሳቸው ሦስተኛ ሻይ ግን እሳቸው ሲጫወቱ ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጠ በረደ። ታካማ አልተቀየመችም።

«ይብረድ» አለች፤ «ሻይ መቼ ጠፋ!»