የአባቴ ማዳመጫና የቢሯችን የድምፅ ሊቅ

የዛሬ ወር ገደማ ነው፣ እሁድ ረፋዱ ላይ... ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት። አባቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን የሚያህል ሄድፎን ተጭኖለታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አቤል ደግሞ ፊት ለፊቱ በርከክ ብሎ «አባባ፣ ቤዙ ተሰማዎት?» ይለዋል።

አባቴ ቤዝ ምን እንደሆነ አያውቅም። ግን እንግዳ ማሳፈር አይወድም... ራሱን ነቀነቀለት።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው።

አባቴ ከጊዳ አያና ወጥቶ እኔ ጋ ከገባ ወዲህ ጆሮው ደክሟል። ትንሽ ኤምፒስሪ አለችው። በስፒከር አይሰማም፣ ኢርፎን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ነው የሚሰማው። ሚሞሪዋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ አጎቴ ይመር ሰርግ ላይ ያወጣው መንዙማ። አጎቴ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ከዚያ አገር ሳይወጣ እዚያው አረፈ። አባቴ ከዙሁር ሶላት በኋላ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ወንድሙን ይሰማል። ሌላ ሥራ የለውም፣ ሌላም አይፈልግም።

የኢርፎኑ አንዱ ጆሮ ሲሞትበት ቢሮ ውስጥ «ለሽማግሌ የሚሆን ኢርፎን የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩ።

አቤል ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ማጫወቻውንና አምፕሊፋየሩን በላስቲክ አጣብቆ ይዞ ይዞራል። ሰላም ስትሉት አንዱን ጆሮውን ከፈት አድርጎ፣ ከሶላት እንዳቋረጣችሁት ሰው ነው የሚያያችሁ።

«ኢርፎን ዝም ተብሎ አይገዛም» አለኝ። «ከማጫወቻው ጋር መጋባት አለበት። አባትሽ ምን ዓይነት ሳውንድ ነው የሚወዱት?»

«የወንድሙን» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

እንግዲህ እሁድ ቦርሳውን ተሸክሞ መጣ። የአባቴን ኤምፒስሪ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሳ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና፣ «ይሄ ማጫወቻ አይደለም፣ መጫወቻ ነው» አለ። በራሱ አባባልም ሳቀ። ሚሞሪውን ነቅሎ የራሱ ላይ ከተተና ትንሽ ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ሁሉም ነገር ይንሿሿል። ሰው ያስላል... ፍየል አለ እንዴ ውስጡ?»

«ሰርግ ላይ ነው የተቀዳው» አልኩት ወጤን እያማሰልኩ።

ከዚያ ብዙም ልብ አላልኩም። ላፕቶፑን ሲከፍት አይቻለሁ፣ ሲነካካ አይቻለሁ። የሚያስተካክል ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ነው ሄድፎኑን አባቴ ላይ የጫነው።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል... ፒያኖ ነው። ከፒያኖው ጋር ብርጭቆ በማንኪያ የሚመታ የሚመስል ነገር አለ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ጆሮው ስለተሸፈነ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።

«ደስ ይላል የኔ ልጅ። ደስ ይላል... ይመር የታል?»

«ማን?»

«ወንድሜ። እዚያ ውስጥ የነበረው።»

አቤል ወደ እኔ ዞረ። «ኦ... እሱን ፎርማት አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። የመሞከሪያ ዘፈኖቼን ልጭንላቸው ብዬ። ደግሞ ጥራት አልነበረውም፣ ለዚህ መሣሪያ አይመጥንም።»

ማማሰያው እጄ ላይ ነበር። አላህ ያውቃል ምን ልሠራበት እንደነበር።

«ሰውየው ሞቷል እኮ» አልኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ ያልኩት የቀረጻውን ጥራት ነው።»

በዚህ መሀል የግቢው ባለቤት አዴ ደራርቱ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አካም ጅርቱ አባ ዘሀራ?» ብላ አባቴን ሰላም ልትለው ስትል ሄድፎኑን አየች። ደነገጠች። «ምነው ዘሀራ፣ ሐኪም መጣላችሁ እንዴ?»

«አይ አዴ» አልኳት፣ «በሽታው ነው የመጣው።»

አባቴ ሄድፎኑን ቀስ ብሎ አወለቀ። እንዳይሰበር ተጠንቅቆ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። «በይ ለልጁ ምሳ አቅርቢለት» አለኝ።

እሱም በላ! ጠግቦ ነው የበላው። እየጎረሰ አንዳንድ ሄድፎን ያለ አምፕሊፋየር ጉልበት እንደሚያጥረው ለአባቴ ያብራራ ነበር። አባቴ አንዱንም አልሰማውም፣ ግን ልጁ በጎረሰ ቁጥር «ብላ፣ ብላ» ይለዋል።

በማግስቱ ሚሞሪውን ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ሞክሮ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ። የአቤል ፒያኖ በአጎቴ ላይ ተጭኖበታል፣ አይወጣም። ጊዳ አያና ወዳለው የአጎቴ ልጅ ስደውል ኔትወርክ የለም። አባቴ ባዶዋን ኤምፒስሪ በእጁ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንኳ አቤልን በክፉ አላነሳውም። እኔ የሱን ድርሻ ጨምሬ ስረግመው ከረምኩ።

በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ሲወጣ አገኘሁት። በድሮ ስልኩ ላይ የቀረችውን ቅጂ በቴሌግራም ላከልኝ። ግን ሙሉው አይደለም፣ መግቢያው የለም። ከመሀል ነው የሚጀምረው። ሚሞሪዋ ላይ አስጫንኩት፣ ከገበያ ተራም ኢርፎን ገዛሁና ሰካሁለት። መግቢያው እንደጠፋ ስነግረው አንገቴን ሰብሬ ነበር።

«አብሽሪ» አለኝ። «መግቢያውን እኔም አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ለራሱ አንጎራጎረ። አይቸኩልም። መሀሉ ላይ ሲደርስ ቁልፏን ተጫነና ለወንድሙ ለቀቀለት። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ... እዚያ ምን እንዳደረግኩ አልነግራችሁም።

አቤል ግን ቢሮ ሲያገኘኝ «አባባ ሳውንዱን ወደዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥ ብሎ፣ ዓይኔን እያየ! ከእሱ ዞር ብዬ ታሪኩን ለቢሮው ሰው ነገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ድረስ ሁሉም አቤልን «ፎርማት» እያለ ነው የሚጠራው።

እሱ ግን እስካሁን አልሰማም... ያን ሁሉ ማዳመጫ ተሸክሞ።