ወደ ግራ ያዘነበሉ ሁለት ክፈፎች

ኮርቢኒያን ዮሴፍ ሴልሁበር እ.ኤ.አ. በሜይ 9 ቀን 1752 ሁለት በወርቅ የተለበጡ የመስታወት ክፈፎች በጋሪ አስጭኖ ወደ ሙኒክ ቤተ መንግሥት ገባ። ዕድሜው አርባ ሰባት ቢደርስም እስከዚያ ዕለት ድረስ በሌሎች የሥራ ቤት ተቀጥሮ የወንበር እግር ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነበር። ክፈፎቹ ከተወደዱለት የጠራቢዎች ማኅበር የራሱን የሥራ ቤት እንዲከፍት ይፈቅድለታል፤ ካልተወደዱለት ወደ ወንበር እግሩ ይመለሳል።

«የመኳንንቱን መቀመጫ ከሥር ደግፌ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ፊታቸውን የማይበት ተራ ደረሰ» ይል ነበር።

የዚያ ዘመን ክፈፍ ሆን ተብሎ ጠማማ ነው። በአናቱ ላይ ያሉት ቅጠልና ዛጎል ወደ አንድ ጎን ይጎብጣሉ፤ ጥንዱ በተቃራኒው ጎብጦ በአልጋ ግራና ቀኝ ሲሰቀሉ ይተያያሉ። ጠማማ ነገር የሚያምረው አቻውን ሲያገኝ ብቻ ነውና። የሁለቱም ንድፍ አንድ ነው፤ በዘይት በራሰ ወረቀት ላይ ስለሚሣል ከጀርባውም ይታያል። ጠራቢው አንዱን ክፈፍ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ ሁለተኛውን ይቀርጻል።

ክፈፎቹ በቤተ መንግሥቱ መኝታ ክፍል፣ በአልጋው ግራና ቀኝ ተሰቀሉ። የሕንፃው ሹም ጌታ ሊንዳወር አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አደረጉ፤ ወደ ቀኝ ለመስበር ግን ምክንያት አጡ።

«ኮርቢኒያን፣ ሁለቱም ወደ ግራ ያዘነበሉት ምን ሊያዩ ነው?»

«አንዱ ሰክሯል፣ ጌታዬ። ሌላው እየሸኘው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ወርቁን የለበጠችው ባልቴት ዋልቡርጋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰው፣ ቀኝና ግራህን አታውቅም እንዴ? አንዱን ለብጬ ስመልስልህ ነው ሌላውን የሰጠኸኝ። ጎን ለጎን ባያቸው ኖሮ ያን ጊዜውኑ እነግርህ ነበር።»

«ማንኪያ ስይዝ እንኳ ተሳስቼ አላውቅም፣ እትዬ ዋልቡርጋ።»

ሹሙ አዘኑለት መሰል፣ «ምናልባት ስሕተቱ የነዳፊው ይሆናል» አሉ። ነዳፊው በሌላ ከተማ ስለነበረ ሊከራከር አይችልም። ኮርቢኒያን ለመውጫ የተከፈተለትን በር አየው፤ የወንበር እግሮቹም ትዝ አሉት።

«የለም፣ ጌታዬ፤ ንድፉ ትክክል ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ሾርባዬን ጠጥቼ ስመለስ መገልበጤን ተጠራጠርኩና ለጥንቃቄ ብዬ ደግሜ ገለበጥኩት። የእኔን ያህል ጠንቃቃ በባቫሪያ አይገኝም።»

በዚህ ጊዜ ሹሙ ሳቁ፤ ፍርዳቸውን ግን አላላሉም። «ሦስተኛውን ቀርጸህ አምጣ። እስከዚያ ድረስ ለማኅበሩ ስለ አንተ አልናገርም።»

«ወደ የት በኩል ይጎብጥ?»

«እኔ ወደቆምኩበት» አለች በስተቀኙ የነበረችው ዋልቡርጋ።

ኮርቢኒያን ቀን ቀን ወደ ወንበር እግሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ሦስተኛውን ክፈፍ ቀረጸ። መሮውን ከማንሣቱ በፊት ዋልቡርጋን አስጠርቶ የወረቀቱን አቀማመጥ አሳያት፤ ከዚያም ዳግም እንዳይገለበጥ ወረቀቱን ራሷ በምስማር እንድትመታው አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ1753 የመኝታ ክፍሉ ጥንድ ክፈፍ ተሟልቶ ተሰቀለ። ኮርቢኒያን ሴልሁበርም በዚያው ዓመት የጠራቢዎች ማኅበር ሙሉ አባል ሆኖ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ።