ድርብ ሰረዜን አላነሳም

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ እዚሁ ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሌላውን፣ ነጠላ ሰረዙንም ድርብ ሰረዙንም፣ ከአሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ በራሴ አወጣሁት። ዛሬ ሪያድ ውስጥ አማርኛ አጥርቶ በመጻፍ እበልጠዋለሁ የሚል ሐበሻ ካለ ይምጣ።

አርብ አርብ ባጥሐ ሰፈር የምቀመጥበት ምግብ ቤት ሰዎች ሊያጽፉኝ ይመጣሉ። ባለፈው ወር አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ መጣች፤ ማንበብ አትችልም። እህቷ አሠሪ ከቀየረች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል፤ ስልኳም ዝግ ነው። የሐበሾች ግሩፕ ላይ «አፋልጉኝ» ብዬ እንድጽፍላት ለመነችኝ። በስልኬ ጻፍኩና ለጠፍኩት፤ ነጥቡም ሰረዙም በየቦታው ነበር።

ጽሑፉ ወዲያው ከግሩፑ ጠፋ። ያጠፋው የግሩፑ ኃላፊ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ሩዝ እየበላ ነበርና ሄድኩበት።

«ወንድሜ፣ ምን በደልኩህ?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ የኤአይ ጽሑፍ ነው! አሁን ድርብ ሰረዝ የሚጽፍ ሰው አለ? አጭበርባሪ አስቸግሮናል።»

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እጽፈዋለሁ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ምልክቱን ያውጡት፤ እኔ እለጥፍልዎታለሁ።»

ሴትየዋ ክንዴን ያዘችኝ። «አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያለሱም ይሁን። ማዳም ትጠብቀኛለች።»

እውነቷን ነው፤ የጠፋችው የእሷ እህት ናት። ታዲያ ማሽን ለመደው ተብሎ እኔ የራሴን ልተው? እንቢ አልኩ። ከአስተናጋጁ እስክሪብቶና ወረቀት ተቀብዬ፣ ያንኑ ቃል በቃል ሰውየው አፍንጫ ሥር ጻፍኩት። ድርብ ሰረዙ ጋ ስደርስ ጫን አድርጌ ቀና ብዬ አየሁት።

«አመንኩ፣ አመንኩ!» ብሎ ሳቀ። «ያላ እህቴ፣ ያዢው።»

እሷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛው፣ እሱ ፎቶ አነሳና ለጠፈው።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ ከእህቷ መልስ መጣ። አንድም ነጥብ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ የወረደ ነው። ደህና ናት፣ አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ነው፣ አሁን በጎረቤት ሠራተኛ ስልክ ነው የምትጽፈው። ለሴትየዋ ደወልኩና አነበብኩላት። ስታለቅስ እየጠበቅኳት፣ ማረፍ ያለብኝ ቦታ ሁሉ እያረፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።