በጉንጩ የያዛት እንክብል

ባለፈው ሳምንት ወንድሜን ማሩን ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት ወሰድነው። ከታዘዘለት እንክብል ጥቂት ውጦ ሕመሙ ሲለቀው የቀረውን በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ፤ «ለሚያመው ሰው ይሆናል» ብሎ። ልጆቼ ሳቁበት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ የድንበሯ ከተማ ገላባት ትዝ አለችኝ።

በዚያ የረሃብ ዘመን ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን ወርደን ቁረይሻ ሰሊጥ አረም ገባን። የአንድ አገር ልጆች ነበርን፤ ከአንድ ድስት እንበላለን፣ አንድ ዳስ ውስጥ እናድራለን። አለቃችን አያ ይርጋ ይባላል። መንገድ ላይ ስንቃችን ሲያልቅ የራሱን በሶ እያካፈለ እኔንና ማሩን ያደረሰን እሱ ነው። ዳሳችን የገባ ነገር ሁሉ ይከፈላል፤ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ስኳርም ቢሆን።

ማሩን ውጋት ያዘው። የገላባቱ ሐኪም እንክብል ሰጠውና ብቻህን ውሰድ፣ እስኪያልቅ አታቋርጥ አለው። ትኩሳቱ በረድ ብሎ ገንፎ በዋይካ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ፣ መብላት ሲጀምር ግን መድኃኒቱ እንደ ስኳሩ ተከፈለ። እግሩን ገጀራ የመታው እንክብሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ ሆዱን የቆረጠው ዋጠ። የሚያድለው ማሩ ራሱ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፣ ማን ምን ይበል?

ብዙም ሳይቆይ ውጋቱ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። ጥቁሩ መሬት ዝናብ ጠጥቶ መኪና አያስኬድም፤ ማሩን በአልጋ ተሸከምነው። ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀ አስቀረው። አያ ይርጋ ከፊት ሆኖ መንገዱን ሙሉ እየሳለ ተሸከመ። ገላባት ስንደርስ አንተም ታይ ስለው «የኔ ብርድ ነው፤ አረሙ አይጠብቅም» ብሎ ተመለሰ።

ሐኪሙ ተቆጣ። ከእንግዲህ እንክብል በእጅ አልሰጥም ብሎ እፊቱ ያስውጠው ጀመር። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ማሩ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፤ እኔም ሊሞትብኝ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። አንድ ጠዋት ሐኪሙ ዞር ሲል ጉንጩ አበጥ ብሎ አየሁት። ትራሱን ባነሳ የረጠቡ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ እንክብሎች በጨርቅ ተቋጥረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአያ ይርጋ ነው። ሲስል አልሰማሽም፣ እታለም?»

«አንተ ብትሞትስ?»

«እሱ ባይኖር መንገድ ላይ ቀርቼ ነበር።»

እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይዤ በጉንጩ ያለችውን አስዋጥሁት። አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በሰጠው ቁጥር ጣቴን ከምላሱ ሥር እየሰደድሁ አየሁ። ማሩ ዳነ።

ቁረይሻ ስንመለስ አያ ይርጋን ቀብረውት ደረስን።

ያች በጨርቅ የተቋጠረች እፍኝ እንክብል እሱንም ባላዳነችው ነበር፤ ሁለቱንም ባጣሁ ነበር። ያ ጠዋት ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ለማሩም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «እውነትሽን ነው» ይለኛል፣ አንገቱን ደፍቶ። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ግን እስካሁን ጠይቄው አላውቅም፤ ይቅር አላልሁሽም እንዳይለኝ እፈራለሁ።