ስድስት ጊዜ የተመለሰው የድንች ማስታወቂያ

በሚያዝያ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ አሰላ ካለው ቢሮዬ ያስገባነው የዘር ድንች ማስታወቂያ ለስድስተኛ ጊዜ ተከልክሎ ተመለሰ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የሥራ ባልደረባዬን ጫልቱን አሰናበትኳት። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የተወደዳችሁ፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ወደዚህ መድረክ የወጣሁት ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው። የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ። ያላረጋገጥኩትን አልጨምርም።

ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁኛላችሁ። ንጉሤ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። አንድ ነገር ከሁለት ሰው አፍ ሳልሰማ አየር ላይ አውጥቼ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ባለቤቴን አስቴርን ግን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የአራተኛ ክፍል መምህርት ናት። ጌታን ከተቀበለች ብዙ ዓመቷ ነው። እሁድ እሁድ እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን በር አደርሳትና ማዶ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወጥተው "አቶ ንጉሤ፣ ዛሬስ ግቡ እንጂ" ቢሉኝ፣ "እኔ ያላየሁትን አልዘግብም" አልኳቸው። አስቴር አጠገቤ ነበረች። "ያላየኸውን አትዘግብም፣ እሺ። ያየኸውንስ ሁሉ ትዘግባለህ?" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ያን ጊዜ ጥያቄው እኔን የሚነካ አልመሰለኝም።

ሬዲዮውን ከተውኩ በኋላ ትንሽ የማስታወቂያ ቢሮ ከፈትኩ። ጫልቱ የተቀጠረችው በሁለተኛው ዓመት ነው። የጢቾ ልጅ ናት፣ እዚሁ አሰላ የተማረች፣ በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ በሙሉ የምትሠራው እሷ ነበረች። የዋናው አካውንት ማስተካከያ ግን በእኔ እጅ ብቻ ነበር። ለማንም አልሰጠሁም። እሷ ያንን ክፍል መክፈት አትችልም ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የድንቹን ሥራ ያመጣችው ራሷ ናት። ጢቾ አካባቢ የዘር ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር አላቸው፤ አባቷ ኦቦ ቱፋ አባል ናቸው። ዘሩ መደርደሪያ ላይ አቆጥቁጦ ገዢ ይጠብቃል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ካልተሸጠ ቡቃያው ረዝሞ ይደክማል፣ ዘርነቱ ይቀርና የወጥ ድንች ይሆናል። ማኅበሩ የዓመት ልፋቱን በዚያ ማስታወቂያ ላይ ጣለው።

ማስታወቂያው ሲመለስ የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ። ማስታወቂያው ላይ "እዚህ ገጽ ያደርሳችኋል" የሚል አድራሻ አለ። ከሥር ደግሞ ማን እንደነካው የሚቆጥር የመከታተያ ሊንክ አለ፤ ሰውየውን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ካላደረሱ ማስታወቂያው ይከለከላል። አሰላ የሚል ታፔላ ለጥፎ አቦምሳ እንደሚሄድ ሚኒባስ ማለት ነው። መናኸሪያ ላይ እንኳ እንዲህ ያለውን ተራ አስከባሪው አያስወጣውም።

ያን ሐሙስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ከጢቾ መጡ። ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ድንች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቡቃያው የጣት ያህል ወጥቷል።

"አቶ ንጉሤ፣ ማስታወቂያው ላይ ፎቶ ያነሳችሁት ይሄን ነው" አሉኝ። "ያን ጊዜ ልጅ ነበር። አሁን አያት ሊሆን ነው።"

ጫልቱ ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅኩም። ስድስተኛው መልስ ገና ስክሪኑ ላይ ነበር።

"ኦቦ ገመቹ፣ የኛ ስህተት ነው" አልኩ። "የሷ ማለቴ ነው። ሊንኩን አበላሽታዋለች።"

"ጋሽ ንጉሤ፣ እኔ የማየውን ሁሉ ደጋግሜ አይቻለሁ" አለች ጫልቱ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "መልሱን እስከ ታች ቢያነቡት አንድ የማላውቀው አድራሻ አለ። ከእርስዎ ክፍል ይሆን? እኔ እዚያ መግባት አልችልም። ይዩልኝ።"

"እኔ የሠራሁትን አውቀዋለሁ" አልኩ።

"አንዴ ብቻ ይዩልኝ፣ ጋሼ።"

አላየሁም። ይልቁንም ኦቦ ገመቹ ፊት "ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አልኳት። የቢሮውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ፣ ከድንቹ አጠገብ አስቀመጠች። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ኦቦ ገመቹ በሩን ሲያዩ ቆዩና "ቱፋ ይሄን ሲሰማ ምን ሊል ነው?" አሉ፣ ለራሳቸው።

ዓርብ ጠዋት በስልኬ መልእክት ገባ። የስድስቱን ክልከላ ፎቶ በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ደርድራ ልካልኛለች። ከሥር "ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይጠቅማል። ጌታ ይባርክዎ" ይላል። አልከፈትኩትም።

እሁድ ጠዋት አስቴር ለአምልኮ ለብሳ ስታበቃ ስልኬን ሰጠኋት። "እስቲ የዚህችን ልጅ ግትርነት እይ" ብዬ ነው የሰጠኋት። አስቴር የተማሪ ደብተር ማረም ልማዷ ነው፤ የጀመረችውን እስከ መጨረሻው መስመር ሳታነብ አታስቀምጥም። የመጀመሪያውን አነበበች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው።

"ስድስቱም ላይ ከታች አንድ ዓይነት አድራሻ አለ" አለች። ፊደል በፊደል አነበበችልኝ።

ወገኖቼ፣ ሳትጨርሰው አወቅሁት። ጥር ላይ ለአንድ የአቦምሳ እህል ነጋዴ ብቻዬን ከሠራሁት ማስታወቂያ የመጣ አድራሻ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር የመከታተያውን ሊንክ በነጋዴው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ማድረግ ሲገባኝ በዋናው አካውንት ላይ አደረግኩት። የነጋዴው ሥራ አለቀ፣ ሊንኩ ግን እዚያው ቀረ። ከጥር እስከ መጋቢት የያዝነው የኅትመት ሥራ ብቻ ስለነበር ማንም አላወቀም። ከዚያ የድንቹ ማስታወቂያ መጣ። ቢጸድቅ ኖሮ የድንቹን ማስታወቂያ የነካ ሁሉ የሚሄደው ወደ እህል ነጋዴው ገጽ ነበር።

አካውንቱን ከፈትኩ። የለውጥ መዝገብ የሚባል ቦታ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይጽፋል። ቀኑ ነበር፣ ሰዓቱ ነበር፣ ስሜ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ዓይነት ማስረጃ ነው።

አጠፋሁት። ሊንኩን ማለቴ ነው፤ መዝገቡማ አይጠፋም። ማስታወቂያውን እንደገና አስገባሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጸደቀ። ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ።

"ተስተካከለ" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይስጥህ። ታዲያ ያበላሸችው ልጅቷ ነበረች ማለት ነው?"

ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰዱት። እኔም እንዲወስዱት ነው ዝም ያልኩት።

ወገኖቼ፣ ሊንኩን ያለ ቦታው ማስገባት ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ኃጢአቴ ያ ዝምታ ነው። ሰኞ ገዢዎች መደወል ጀመሩ። ማክሰኞ ኦቦ ገመቹ ደውለው አመሰገኑኝና በዚያው ወሬ "ቱፋ ስብሰባ መምጣት አቆመ። 'የልጄ እጅ ዘራችሁን ሊያጠፋ ነበር፣ በምን ፊቴ እቀመጣለሁ' ይላል" አሉኝ። እኔም "እግዜር ያጽናናቸው" አልኩ። እንዲህ ብያለሁ። በዚህ አፌ።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ አስቴር "ለጫልቱ ደወልክላት?" አለችኝ።

"እደውላለሁ።"

"ለኦቦ ገመቹስ ነገርካቸው?"

የዛሬ ስንት ዓመት እዚህ በር ላይ የጠየቀችኝን ጥያቄ አልደገመችውም። መድገም አላስፈለጋትም፤ እኔው ሰማሁት። ዳቦዬን አስቀመጥኩና "እናንተ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?" አልኳት።

"እንናገራለን" አለች። "መጀመሪያ ለጌታ። ከዚያ ለበደልነው ሰው።"

"እንዴት ነው የሚነገረው?"

"አንተ ዘጋቢ አይደለህ? እንደሆነው ተናገር።"

መጸለይ አላውቅም ነበር። ዜና እንደማነብ ነው ያነበብኩት። "ጌታ ሆይ፣ ሊንኩን ያለ ቦታው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ነው። ያወቅሁት እሁድ ጠዋት ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው አስጠቅቻለሁ። ይህን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም። የሞትክልኝ ከሆነ ለዚህም ነውና ይቅር በለኝ።" አስቴር "አሜን" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስሙ ይባረክ፤ ሸክሙ ቀለለኝ። ይህን አረጋግጫለሁ፣ ያስቀመጥኩትን ዳቦ አንስቼ በልቻለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያም በኋላ ሁለት ቀን ፈራሁ። ጌታ ግን በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጢቾ በሚሄደው ሚኒባስ አሳፈረኝ።

ማኅበርተኞቹ መጋዘኑ ውስጥ ዘር እየለዩ ነበር። ኦቦ ገመቹን "ኦቦ ቱፋን ያስጠሩልኝ፤ ሁሉም ባለበት የምናገረው አለኝ" አልኳቸው። አባትየው መጡ፤ በሩ አጠገብ ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። እኔ በአማርኛ ስናገር ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ ይተረጉሙልኝ ነበር። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጫልቱ የለችበትም" ያልኩት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተረጎሙት።

ኦቦ ቱፋ በአማርኛ ጠየቁኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

ብዙ ሰው ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ ነው።

"እሁድ ጠዋት።"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው።"

"አዎ።"

"ስድስት ቀን።"

"ስድስት ቀን" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ስድስት ቀን ከቤት አልወጣሁም" አሉ። ከዚያ "ልጄ ቤት ናት። ይቅርታው የሷ እንጂ የኔ አይደለም። ና" ብለው ቀደሙኝ። ኦቦ ገመቹ ከኋላችን "አቶ ንጉሤ፣ ያ ድንች ቢሮህ ካለ እንዳትጥለው፤ እሱም ምስክር ነው" አሉ። መጋዘኑ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ያን ሳቅ ከጌታ እንደ ተሰጠኝ ቆጠርኩት።

ጫልቱ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ለመጋዘኑ ሰዎች ያልኩትን ደገምኩላት። የያዘችውን ልብስ አስጥታ ጨረሰች።

"የላክሁትን አልከፈቱትም ነበር ማለት ነው" አለች።

"እስከ እሁድ አልከፈትኩትም።"

"እሁድ ከከፈቱትስ በኋላ?"

"ዝም አልኩ።"

"ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አለች። "ጌታ እኔንም ይቅር ብሎኛል። ተመልሼ የምሠራ ከሆነ ግን ከእንግዲህ እኔ የማላየው ክፍል አይኑር።"

"አይኖርም" አልኩ። እዚያው ቆሜ በስልኬ የዋናውን አካውንት ፈቃድ ሰጠኋት። እሷም በስልኳ መድረሱን አየች። ከዚያ በኋላ ነው እጄን የጨበጠችኝ።

ወገኖቼ፣ ዘሩ በሙሉ ተሸጠ ብዬ አልነግራችሁም። በመጨረሻዎቹ መደርደሪያዎች ላይ የነበረው ለወጥ ሄዷል። ለዚያ ያደረሰው የእኔ መዘግየት ነው፤ ማኅበሩም ያውቀዋል። ኦቦ ቱፋ ወደ ስብሰባቸው ተመልሰዋል። እኔም ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተነስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። በሰኔ ተጠመቅሁ። አስቴር ከጎኔ ነበረች። ጌታ ይመስገን። ለእኔ የሰጠኝ ሰላም የተደበቀ ነገር የሌለበት ሰላም ነው፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እዚህ መካከል እውነቱን አውቆ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ የማውቀውን ልንገረው። ለጌታ የምትነግረው አዲስ አይሆንበትም፤ መዝገቡ ቀድሞም በፊቱ ነው። ንገረው። እመነው። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፈርና ወደ ሰውየው ሂድ። ስድስት ቀን አትቆይ።

ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተመለሰብን። ጫልቱ የለውጥ መዝገቡን ከፈተች። የተጻፈው የእሷ ስም ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ለደንበኛው ራሷ ደውላ ስህተቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው።