የሆስፒታሉ ሚዛን

ሚዛን አስተካካዩ ሠላሳ ዓመት በሥራው ሲቆይ ሳይፈትሽ ያመነው ሚዛን የለም፤ ሰውንማ ጭራሽ አያምንም። ስለዚህ ሐኪሟ የጨጓራ ካንሰር የያዘውን ታናሽ ወንድሙን መዝና ቀዶ ጥገናውን በሦስት ሳምንት ስታራዝመው ደሙ ፈላ።

«ከሁለት ወር በፊት ነበረኝ ከሚለው ክብደት አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሷል» አለች። «እንዲህ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ኢንፌክሽንም ያሰጋዋል። መጀመሪያ በምግብ እናጠንክረው።»

«ዕጢው ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል?»

«እሱም ያሳስበኛል፤ የበለጠ የምፈራው ግን አሁን ማድረጉን ነው።»

ወንድምየው ቀበቶውን በአዲስ ቀዳዳ እየቆለፈ ሳቀ። «ወንድም ጋሼ፣ ድንጋይ ልዋጥና እንመለስ?»

«አንተ ዝም በል! ቀድሞ የታከምክበት ክሊኒክ አንድ ቀን እንኳ መዝኖህ ያውቃል?»

«አያውቅም። እኔም ስበላ ስለሚያመኝ ምግብ መተዌን አልነገርኳቸውም።»

ይህ ይበልጥ አበገነው። ክሊኒኩ አልጠየቀ፣ ወንድሙ አልተናገረ፤ እሱም የአገሩን ሚዛን ሁሉ ሲያስተካክል አጠገቡ እየመነመነ ያለውን ሰው ልብ አላለም። ቢሆንም ጥፋቱ የሆስፒታሉ ሚዛን እንዲሆን አጥብቆ ተመኘ።

በማግስቱ ሃያ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የመፈተሻ ብረቶች ከሱቁ ተሸክሞ መጣ። ነርሷ እየተገረመች ፈቀደችለት። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ጨምሮ አስቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎም ሁለት ጊዜ አነበበ። ሚዛኑ ልክ አርባ ኪሎ አሳየ።